ከአሮጌ ብርድ ልብስ ጃኬት መስፋት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በአገሬ ሴቱ የበጉን ጸጉር ይፈትላል፣ ወንዱ ባና ይሸምናል። አባቶቻችን የሚደርቡት በርኖስም ሱፍ ነው። ስለዚህ ሱፍ ሲጣል ማየት አልወድም።

እዚህ ሱለይ ሙቀቱን እንጂ ብርዱን ማንም አይነግረንም። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ አጥንት ይገባል። አንድ ዓመት ማዳም አሮጌ ብርድ ልብስ ሰጥታኝ "ጣይው" አለችኝ። እኔ ግን ጃኬት ሰፋሁበት። እሷ ዘመድ ጥየቃ በሄደችበት ልጇ ለብሼው አየኝና "የአያቴን ብርድ ልብስ ማን ሰጠሽ?" አለኝ። እስክትመለስ ሁለት ቀን እንደ ሌባ ታየሁ። እህቶቼ፣ "ጣይው" ማለት "ውሰጂው" ማለት አይደለም። መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት "ልውሰደው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በዋትሳፕ እንድትልክላችሁ አድርጉ፣ እንዳታጠፉትም።

ቀጥሎ ሱፍ መሆኑን እዩ። በዚህ አገር አብዛኛው በጣንያ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ነው። ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ አንብቡ፤ ሱፍ በዐረብኛም ሱፍ ነው። ጽሑፉ ከጠፋ አንድ ክር ምዘዙና ማጠቢያው ላይ በክብሪት ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ቶሎ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይደርቃል።

ሳትቆርጡ በፊት እጠቡት። በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሻምፑ፣ ሳታሹ። አትጠምዝዙት፤ ጨምቃችሁ ጥላ ላይ ዘርጉት። የሱፍ ጸጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አለው፤ በሙቅ ውኃ ሲታሽ እርስ በርሱ ይያያዝና ይኮማተራል። አስቀድሞ በመኪና ታጥቦ የተኮማተረ ብርድ ልብስ ካገኛችሁ ግን አታዝኑ፤ ሲቆረጥ ክሩ ስለማይተረተር ለጃኬት ይመቻል።

ለአጭር ጃኬት የአንድ ሰው ብርድ ልብስ ይበቃል። ልካችሁ የሆነ ሰፋ ያለ ሹራብ ላዩ ላይ ዘርጉና ዙሪያውን በሳሙና አስምሩ። ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ በየጎኑ ሦስት ጣት ጨምሩ። ብል የበላው ቦታ ከመስመሩ ውጭ ይቅር። የብርድ ልብሱ ጠርዝ የጃኬቱ ታች ቢሆን መቀምቀም አያስፈልግም።

የስፌት መኪና ከሌለ በድርብ ክር፣ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ በእጅ ስፉ። ስፌቱን አትጠፉት፣ ይከምራል። ግራና ቀኝ ከፍታችሁ፣ እርጥብ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በካውያ ተኩሱት። የውስጡን ጠርዝ በአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ሸፍኑት፤ አንገት አይበላም።

ይህን ሥራ እንደ ድህነት አትዩት። በፈረንጆች 1811 ዓ.ም. በካናዳ ኦንታርዮ በአንድ የእንግሊዝ ጦር ምሽግ ለወታደሮች 40 የሱፍ ካፖርት ያስፈልግ ነበር። የሰፉት የአካባቢው ሴቶች ናቸው፤ የሰፉበትም የብርድ ልብስ ሱፍ ነው። ያ ካፖርት ማኪናው ተብሎ እስከ ዛሬ ይለበሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ለሽያጭ አትስፉ። ኢቃማችን በከፊሉ ቤት ለመሥራት እንጂ በግል ለመነገድ አይደለም፤ ለሁለት ጃኬት ብላችሁ የዓመታት ልፋታችሁን አታበላሹ። ለራሳችሁ ስፉ፣ እጃችሁን አስለምዱ። ገበያው አገር ቤት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርድ ልብስም ፋብሪካም አላት፣ ብርዱም አይጠፋም። እኔ የመጀመሪያዋን ጃኬቴን ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ስመለስ ለናሙና ትሆነኛለች። የማዳምም መልእክት ስልኬ ላይ አለ።