በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት የአራስነት ሳምንታት

በተለምዶ «በኦፕሬሽን ወለደች» የምትባል እናት ወደ ቤቷ ስትመለስ አራስም ናት፣ ሆዷ ተከፍቶ የተሰፋ ታካሚም ናት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ጠያቂ ግን አብዛኛውን ጊዜ አራስነቷን እንጂ ታካሚነቷን አያይም፤ ስለዚህም ገንፎውና አጥሚቱ በወጉ ሲሰናዳ ቁስሏ የሚሻው ጥንቃቄ ይዘነጋል።

በቀዶ ሕክምናው ወቅት ሐኪሙ ቆዳውን፣ ከሥሩ ያለውን ስብ፣ የሆድ ጡንቻዎችን አቅፎ የያዘውን ጠንካራ ሽፋን፣ የሆድ ዕቃን የሚሸፍነውን ስስ ገበርና ማህፀኑን በየተራ ይከፍታል፤ ጡንቻዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ግራና ቀኝ ገለል ይደረጋሉ እንጂ አይቆረጡም። ቆዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚገጥም ቁስሉ የዳነ ይመስላል፤ ይሁንና ሆድን አጥብቆ የሚይዘው ያ ጠንካራ ሽፋን የቀድሞ ብርታቱን የሚያገኘው ከብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። ለ6 ሳምንታት ያህል ከሕፃኑ የከበደ ነገር፣ ለምሳሌ ውሃ የሞላ ጀሪካን ወይም ሊጥ ያለበት ቡሃቃ፣ እንዳታነሳ የምትመከረው በዚህ ምክንያት ነው። በስፌቱ ዙሪያ የሚሰማት መደንዘዝ ደግሞ በቆዳው ውስጥ የሚያልፉ ቀጫጭን ነርቮች በመቆረጣቸው የሚመጣ በመሆኑ ለወራት ቢቆይም አያሰጋም።

ነባሩ የአራስ ቤት ሥርዓት ለእናቲቱ ዕረፍትና ምግብ በማዘጋጀቱ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ከአልጋ አትውረድ የሚለው ክፍሉ ለተሰፋች ሴት አይበጅም። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደም በቀላሉ የመርጋት ባሕርይ ስላለው፣ ቀዶ ሕክምናና ብዙ መተኛት ሲጨመሩበት በእግር ደም ሥር የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ በመሄድ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ መከላከያው በቤት ውስጥ ቀስ እያሉ ደጋግሞ መራመድ ነው። ከአልጋ ስትነሳ በጀርባዋ ቀጥ ብላ ከመቀመጥ ይልቅ ወደ ጎኗ ተገልብጣ፣ እግሮቿን አውርዳ፣ በክንዷ ተደግፋ ብትነሳ፣ ሲያስላት ወይም ሲያስነጥሳትም ትራስ ሆዷ ላይ ደገፍ ብታደርግ ስፌቱ አይወጠርም። ጡት ስታጠባ በጎኗ መተኛት፣ ወይም የሕፃኑን እግሮች በብብቷ ሥር ወደ ኋላ አሳልፎ መያዝ ቁስሉን ከጫና ያድናል። ማስታገሻው ወተቱን ይበክላል በሚል ፍርሃት ሕመሙን ዋጥ አድርጎ መቆየትም አላስፈላጊ ነው፤ ፓራሲታሞል ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም በትንሹ ሲሆን፣ ሕመሟ የበረደላት እናት ለመራመድም ለማጥባትም ትበረታለች።

ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቀስ ብሎ አጥቦ ማድረቅ ይበቃል። ቅቤ፣ የተወቀጠ ቅጠል ወይም ሌላ ቅባት መቀባት፣ ስፌቱን በመቀነት ጥብቅ አድርጎ ማሰርና ሳይድን ጢስ መሞቅ ለብግነት በር ይከፍታል። ገንፎው ባለበት ይቀጥል፤ ነገር ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሆድ ድርቀት የተለመደ በመሆኑና ማማጡ ስፌቱን ስለሚያሳምም፣ ውሃ፣ አትክልትና ተልባ አብረው ሊቀርቡላት ይገባል።

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ቁስል፣ ሞዴስን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠርና ብዥታ ያለበት ከባድ ራስ ምታት ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የተፈቀደው የ3 ቀን ዕረፍት ሲሆን፣ ስፌቱ የሚፈልገው ግን ሳምንታትን ነው። ስለሆነም አራስ ጠያቂዎች ቡና ጠጥተው ከመመለስ ይልቅ ውሃ መቅዳቱን፣ ልብስ ማጠቡንና እንጀራ መጋገሩን ተራ አውጥተው ቢከፋፈሉት ለእናቲቱ ከየትኛውም ስጦታ ይበልጥባታል።