የሕንፃ ፕላን ውድድር ወዴት ይገኛል? የትኛውስ ይመረጣል?

ትልቅ ሕንፃ ለማሠራት ያሰበ መንግሥት ወይም ድርጅት ሥራውን ለሚያውቀው ሰው ብቻ ከመስጠት ይልቅ ባለሙያዎችን ሁሉ ጠርቶ ቢያወዳድር የተሻለ ፕላን እንደሚያገኝ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በኢጣልያ አገር የፍሎረንስን ካቴድራል ጉልላት ለመሥራት ውድድር የታወጀው በ1418 ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የውድድር ትልቁ ጥቅም ስም የሌለው ባለሙያ ስሙ ከገነነው ጋር እኩል መቆሙ ነው። በደንበኛው ሥርዓት ፕላኑ ለዳኞች የሚቀርበው በቁጥር እንጂ በስም አይደለምና። በ1957 ለአውስትራልያው የሲድኒ ኦፔራ ቤት ከቀረቡት 233 ፕላኖች መካከል የተመረጠው፣ ከአገሩ ውጭ እምብዛም የማይታወቀው የዴንማርክ ተወላጅ የዮርን ኡትዞን ፕላን ነበር። በ1981 ደግሞ በዋሽንግተን ከተማ ለቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ከ1,400 በላይ ንድፎች ቀርበው ያሸነፈችው ማያ ሊን የተባለች የ21 ዓመት ተማሪ ናት። ዳኞቹ ስሟንና ዕድሜዋን አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ይህን የመሰለ ሥራ ለተማሪ ይሰጡ ነበርን?

ማስታወቂያው ወዴት ይገኛል?

ቀድሞ የውድድር ማስታወቂያ የሚወጣው በሙያ መጽሔቶች ነበር። መጽሔቱ በፖስታ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ የማስረከቢያው ቀን የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ዛሬ ግን ኢንተርኔት ይህን ችግር አቃሎታል። ባስለር፣ አርክዴይሊና ኮምፒቲሽንስ አርኪ የተባሉት ድረ ገጾች ከየአገሩ የሚወጡትን ማስታወቂያዎች ሰብስበው ያቀርባሉ። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮችም ከተወሰነ ዋጋ በላይ የሆነውን የመንግሥት የፕላን ውድድር ቴድ በሚባለው የኅብረቱ የጨረታ ድረ ገጽ የማውጣት ግዴታ አለባቸው። ዓለም አቀፉ የአርክቴክቶች ማኅበርም መርምሮ የደገፋቸውን ውድድሮች በራሱ ድረ ገጽ ያስታውቃል። የሚመረምረውም ዩኔስኮ በ1956 ባወጣው ደንብ መሠረት ነው።

ሆኖም ሰብሳቢው ድረ ገጽ መንገድ መሪ እንጂ ባለቤት አይደለም። ቀኑና ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል ተወዳዳሪው ሁልጊዜ ወደ አዘጋጁ ገጽ ሄዶ ሙሉውን ደንብ ማንበብ ይገባዋል።

ከመጀመር በፊት መጠየቅ

እንግዲህ ማስታወቂያውን ማግኘት ቀላል ሆኗል፤ አስቸጋሪው መምረጡ ነው። አንዳንዱ ውድድር በእርግጥ ለሚሠራ ሕንፃ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሐሳብ ለማሰባሰብ ብቻ ነው። መመዝገቢያ የሚያስከፍሉም አሉ። ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ ሲሆን ለአገራችን ወጣት ሸክሙ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ እርሳስ ከማንሳት በፊት እነዚህን መጠየቅ ያስፈልጋል። አሠሪው ማን ነው? ቦታውና ገንዘቡስ አለ? ዳኞቹ በስም ተገልጸዋልን? ከእነርሱስ የሚበዙት የሙያው ሰዎች ናቸውን? ያሸነፈው ሥራው ይሰጠዋል ወይስ ሽልማት ብቻ? ያላሸነፈውስ ፕላን የማን ንብረት ይሆናል? ደንቡ ለእነዚህ መልስ ከሌለው ትቶ ማለፍ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን ድካም ከንቱ ሊቀር ይችላል። በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ ሊሠራ ለታሰበው የጉገንሃይም ሙዚየም 1,715 ፕላኖች ከ77 አገሮች ቀረቡ። በ2015 በፓሪስ የሚሠሩት ሞሮና ኩሱኖኪ አሸነፉ። ነገር ግን የከተማው ምክር ቤት በ2016 ዕቅዱን በድምፅ ብልጫ ስለጣለው ሙዚየሙ ሳይሠራ ቀረ። ለያንዳንዱ ፕላን የአንድ ሰው የአንድ ወር ድካም ብቻ ብንቆጥር እንኳ ድምሩ ከ140 ዓመት ይበልጣል!

ይህን የምንለው ወጣቶቻችንን ከውድድር ለማራቅ አይደለም። በልደታው የሕንፃ ትምህርት ቤት የሚማር ወጣት ዛሬ የፓሪስ ተማሪ የሚያነበውን ማስታወቂያ በዚያው ቀን ያነባል፤ ይህ አባቶቹ ያላገኙት ዕድል ነው። ዕድሉን የሚጠቀምበት ግን ባገኘው ሁሉ ላይ የሚሮጠው ሳይሆን፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለቱን መርምሮ መርጦ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ነው። እንዲህ የተሠራ ፕላን ባያሸንፍ እንኳ የባለሙያውን ችሎታ ለነገ አሠሪው ያሳያልና፣ ተጠብቆ ሊቀመጥ ይገባዋል።