ከኮቪድ በፊት የነበረው፣ ዛሬም ያለው ኮሮና፦ ስለ «መርስ»፣ ስለ ግመልና ስለ ሐጅ ጉዞ ማወቅ የሚገባን

«ኮሮና» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው 2012 ዓ.ም.ን ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኘ። ከዚያ በኋላ የጀማዓ ሶላት ተቋረጠ፣ የረመዳን ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ፣ የዚያ ዓመት ሐጅም ሳዑዲ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተወሰነ።

ይሁን እንጂ ኮሮና የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የብዙ ቫይረሶች የጋራ መጠሪያ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከኮቪድ ሰባት ዓመት ቀድሞ የታወቀው «መርስ» ወይም የመካከለኛው ምሥራቅ የመተንፈሻ አካላት በሽታ ነው። መርስ አልጠፋም፤ ዛሬም በሳዑዲ ዐረቢያ አልፎ አልፎ ይታያል። መኖሪያው ግመል ነው። ስለዚህ የአፋር፣ የሶማሌና የቦረና አርብቶ አደር ወገኖቻችንን፣ በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶቻችንን፣ እንዲሁም በየዓመቱ ወደ ሐረመይን የሚጓዙ ሑጃጆችን በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው። ስለ ኮቪድ ብዙ ተብሏል፤ ስለ መርስ ግን በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሮና ቫይረስ ምንድን ነው?

ቫይረስ በዓይን የማይታይ፣ በራሱ መራባት የማይችልና ለመራባት የግድ ወደ ሕያው ሕዋስ መግባት ያለበት ረቂቅ ነገር ነው። በሰው ላይ የሚገኙት ኮሮና ቫይረሶች ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቁት በ1960ዎቹ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ዙሪያቸውን የከበቧቸው ጉጦች ዘውድ የደፉ አስመሰሏቸው። «ኮሮና» በላቲን ዘውድ ማለት ነውና ስሙ ከዚያ መጣ።

ሰውን እንደሚይዙ የታወቁት ኮሮና ቫይረሶች ሰባት ናቸው። አራቱ ተራ ጉንፋን የሚያመጡ ሲሆኑ በመላው ዓለም ይዘዋወራሉ፤ አብዛኞቻችን ሳናውቃቸው በልጅነታችን ይዘውናል። ከባድ ሕመም የሚያመጡት የቀሩት ሦስቱ ናቸው፦

• ሳርስ፦ በ2002 መጨረሻ በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ተነሳ። ከ8 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዞ 774 ሰዎችን ገደለ። በ2003 አጋማሽ ስርጭቱ ተገታ።

• መርስ፦ በ2012 ታወቀ። እስካሁን በ27 አገራት ከ2,600 በላይ ሰዎች እንደተያዙ በምርመራ የተረጋገጠ ሲሆን ከ900 በላይ ሞተዋል። አብዛኞቹ ታማሚዎች የተገኙት በሳዑዲ ዐረቢያ ነው።

• ኮቪድ 19፦ በ2019 መጨረሻ በቻይና ዉሃን ከተማ ተነሳ። ለዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት የተደረገው የሟቾች ቁጥር ብቻ ከ7 ሚሊዮን ይበልጣል።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። በመርስ መያዛቸው ከታወቀ ሰዎች ከሦስት አንድ ያህሉ ሞተዋል። ኮቪድ ከያዛቸው መካከል የሚሞቱት ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሱ ናቸው። ታዲያ ዓለምን ያዳረሰው ለምን መርስ ሳይሆን ኮቪድ ሆነ?

አፍንጫ ላይ የሚቀረውና ሳንባ ድረስ የሚወርደው

መልሱ ቫይረሱ በሰውነታችን ውስጥ ከሚቀመጥበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። የምንተነፍሰው አየር ከአፍንጫ ተነስቶ በጉሮሮና በአየር ቧንቧ አልፎ ሳንባ ውስጥ ወዳሉት እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው በእነዚህ ከረጢቶች ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ቫይረሱ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ሲቀር ንፍጥ፣ ማስነጠስና የጉሮሮ መከርከር ያመጣል። ወደ ከረጢቶቹ ሲወርድ ግን ከረጢቶቹ ይቆጣሉ፣ ፈሳሽም ይሞላቸዋል። ታማሚው አየር እየሳበ ኦክስጅን ያንሰዋል። የሳንባ ምች የምንለው ይህንን ነው።

ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ለመግባት በጉጦቹ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። የኮቪድ ቫይረስ የሚይዘው ነገር በአፍንጫም በሳንባም ይገኛል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ በብዛት ይራባል፤ ሰውየው መታመሙን ሳያውቅ ሲያወራና ሲያስል ለሌላው ያስተላልፋል።

የመርስ ቫይረስ የሚይዘው ነገር ግን በሰው ላይ በብዛት የሚገኘው ሳንባው ውስጥ፣ ከታች ነው። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሕመሙ በቀጥታ ሳንባን ስለሚመታ ከባድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቫይረሱ ከታች ስለሚቀር እንደ ኮቪድ በቀላሉ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

በግመል ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቫይረሱ የሚይዘው ነገር በግመል አፍንጫ ውስጥ አለ። ስለዚህ ግመሉ ጥቂት ንፍጥ ቢኖረው እንጂ ሌላ ሕመም አይታይበትም፤ ብዙ ጊዜም ምንም ምልክት የለውም። ቫይረሱ ግን ከአፍንጫው ፈሳሽ ጋር ይወጣል። «ግመሌ ጤነኛ ነው» ማለት ቫይረሱ የለበትም ማለት የማይሆነው ለዚህ ነው።

መርስ እንዴት ታወቀ?

በሰኔ 2012 አንድ የ60 ዓመት ሰው በጂዳ ሆስፒታል በከባድ የሳንባ ምች ተኝቶ ሕይወቱ አለፈ። በሆስፒታሉ ይሠሩ የነበሩት ግብፃዊው የቫይረስ ባለሙያ ዶክተር ዓሊ ሙሐመድ ዘኪ ከታማሚው በወሰዱት ናሙና የሚታወቁትን ቫይረሶች ሲፈልጉ አላገኙም። ናሙናውን ኔዘርላንድስ ሮተርዳም ወደሚገኘው የኢራስመስ የሕክምና ማዕከል ላኩ። አዲስ ኮሮና ቫይረስ መሆኑ ታወቀ፤ ዶክተሩም በመስከረም ወር ለዓለም የሕክምና ባለሙያዎች አሳወቁ። በኋላ በዮርዳኖስ ዘርቃ ከተማ በዚያው ዓመት ሚያዝያ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የታመሙ ሰዎች ናሙና ሲመረመር ቫይረሱ እዚያም ነበር።

መርስ በቀላሉ አይተላለፍም ብለናል። ሆስፒታል ግን ከዚህ የተለየ ቦታ ነው። ታማሚው በጣም ሲደክም ቫይረሱ ይበዛል፤ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ወደ ፊቱ ተጠግተው ይሠራሉ፤ በድንገተኛ ክፍልና በኩላሊት እጥበት ክፍል ደግሞ አቅማቸው የደከመ ሰዎች ጎን ለጎን ይተኛሉ። ትልልቆቹ የመርስ ወረርሽኞች በሙሉ የተነሱት በሆስፒታሎች ውስጥ ነው።

በ2015 በደቡብ ኮሪያ የሆነው ይህንን በግልጽ ያሳያል። ከመካከለኛው ምሥራቅ የተመለሰ አንድ ተጓዥ ታሞ በቀናት ውስጥ ወደ ተለያዩ የሕክምና ተቋማት ሄደ። በሽታው መርስ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ሌሎች ሰዎች ተይዘው ነበር። ከዚያ አንድ ሰው በተነሳ ሰንሰለት 186 ሰዎች ተያዙ፣ 38 ሞቱ፣ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። በአገሪቱ አንድም ሰው በሽታውን ከግመል አልያዘም።

ግመልና የእኛ አካባቢ

የመርስ ቫይረስ ከብዙ ዘመን በፊት ከሌሊት ወፍ ሳይመጣ እንዳልቀረ ይገመታል። ዛሬ ግን ማደሪያው ባለ አንድ ሻኛ ግመል ነው። በሶማሊያና በሱዳን በ1980ዎቹ ተወስዶ ተቀምጦ የቆየ የግመል ደም ሲመረመር ግመሎቹ በቫይረሱ ተይዘው እንደነበር የሚያሳይ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶበታል። ቫይረሱ በሰው ላይ ከመታወቁ ከ25 ዓመታት በላይ ቀድሞ በግመሎች ዘንድ ነበር ማለት ነው። በኢትዮጵያ በተደረገ ምርመራም ከተመረመሩት ግመሎች አብዛኞቹ ይኸው ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ቫይረሱን በብዛት የሚያስወጡት በዕድሜ ትናንሾቹ ግመሎች ናቸው።

የአፍሪካ ቀንድ ግመል በበርበራና በጅቡቲ ወደቦች በኩል ወደ ዐረቢያ ይጫናል። ሆኖም ከባድ የመርስ ሕመም በብዛት የታየው በዐረቢያ ነው። በአፍሪካ ግመሎች ላይ የሚገኘው የቫይረሱ ዝርያ ከዐረቢያው በመጠኑ የተለየ ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ በሰው ሳንባ ሕዋስ ላይ ሲሞከር ከዐረቢያው ደከም ብሎ ታይቷል። ይህ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሌላው ግን ቀላል ነገር ነው፤ በገጠር በሳንባ ምች የታመመ አርብቶ አደር ለመርስ አይመረመርም።

ይህ ሁሉ ግመልን እንድንፈራ አይደለም። ግመል ለቆላው ወገናችን ወተቱም፣ ሥጋውም፣ ጭነቱም፣ ሀብቱም ነው። በድርቅ ላሟ ስትነጥፍ ሕፃናትን የሚያኖረው የግመል ወተት ነው። ጥያቄው ወተቱን እንጠጣ ወይስ አንጠጣ ሳይሆን እንዴት እንጠጣ የሚለው ነው። ቫይረሱ በጥሬ ወተት ውስጥ መቆየት ይችላል፤ ሲፈላ ግን ይሞታል።

በሐጅና በዑምራ ወቅትስ?

መርስ በታወቀ ጊዜ ትልቁ ስጋት ሐጅ ነበር። ሚሊዮኖች በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ ናቸው። በ2013 የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር አረጋውያንና የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጉዟቸውን እንዲያዘገዩ መከረ። በ2015 ደግሞ በሐጅ ወቅት ግመል እንዳይታረድ ተከለከለ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ባሉት ዓመታት በሐጅ ምክንያት የተነሳ ትልቅ የመርስ ወረርሽኝ አልታየም። የሐጅ ሥርዓቶችን ለመፈጸም ግመል መንካት አያስፈልግም፤ አደጋው ያለው ከዚያ ውጪ ወደ ግመል እርባታ ለጉብኝት ወጥቶ ጥሬ ወተት መቅመስ ላይ ነው።

ይህ ማለት ሑጃጆች አይታመሙም ማለት አይደለም። ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች በሐጅ ወቅት የተለመዱ ናቸው። ስለዚህ ከግዴታው የማጅራት ገትር ክትባት በተጨማሪ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መውሰድ በተለይ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ይመከራል።

ምልክቶቹና ሕክምናው

መርስ ቫይረሱ ከገባ ከ2 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ዋናዎቹ ናቸው። አንዳንዶችን ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ሲከፋ ኩላሊትን እስከ ማድከም ይደርሳል። የሚበረታው የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ባለባቸውና በአረጋውያን ላይ ነው። ጤነኛ ወጣት ቀላል ሕመም አሞት፣ ወይም ምንም ሳይሰማው ሊያልፍ ይችላል።

ለመርስ ጥቅም ላይ የዋለ ክትባትም ሆነ የተለየ መድኃኒት የለም። ሐኪሞች የሚሰጡት ኦክስጅንና ሰውነቱ እስኪያገግም የሚደግፍ እንክብካቤ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ስለዚህ ከፋርማሲ ራስን አዝዞ ኪኒን እየዋጡ ቀናትን ማሳለፍ ጉዳቱ ያመዝናል።

ምን እናድርግ?

• የግመል ወተት አፍልተን እንጠጣ፤ ሥጋውንም በደንብ እናብስል። የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከግመል ጋር ከመቀራረብ፣ ጥሬ ወተቱንና ሽንቱን ከመጠጣት እንዲቆጠቡ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

• ግመል የሚያልቡ፣ የሚጠብቁና የሚያርዱ ሰዎች ከሥራ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። የግመሉን አፍንጫና አፍ በባዶ እጅ ነክቶ ፊትን መንካት፣ ግመልን መሳምም ይቅር።

• የሚያስለው ሰው አፉን ይሸፍን፤ ጭንብል ያድርግ። ታማሚ የሚያስታምሙም እንዲሁ።

• ከሐጅ፣ ከዑምራ ወይም ከዐረብ አገር በተመለሱ በ14 ቀናት ውስጥ ትኩሳትና ሳል ከያዘዎት ወደ ሐኪም ሲሄዱ ገና ሳይጠየቁ የት እንደነበሩና ግመል እንደነኩ ወይም እንዳልነኩ ይናገሩ። የኮሪያው ታሪክ የሚያስተምረን ይህንን ነው።

• ሳዑዲ ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴርን በ937 መደወል ትችላላችሁ። የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ አስፈርቷችሁ የትንፋሽ ማጠር እየተሰማችሁ ቤት ውስጥ አትቆዩ። በግመል እርባታ የምትሠሩም ሆናችሁ በቤት ውስጥ አረጋውያንን የምትንከባከቡ ከሌላው ሰው ይልቅ ለዚህ በሽታ ቅርብ ናችሁ።

• ትንፋሽ ሲያጥር፣ ከንፈር ሲጠቁር ወይም ታማሚው ግራ ሲጋባ ነገ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ሰበቡን ማድረስ

«የአላህ ውሳኔ ካልሆነ ምንም አይነካንም» የሚል ወንድም አይጠፋም። ንግግሩ እውነት ነው፤ ጥንቃቄን መተው ግን ከእሱ አይወጣም። ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ይችል እንደሆነ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስር ነግረውታል። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ከዚያም ሸሽቶ እንዳይወጣ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ ተመልሰዋል። ወተቱን ማፍላት፣ እጅን መታጠብ፣ ለሐኪም እውነቱን መናገርም ግመልን እንደ ማሰር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የአላህ ነው። እርሱ ለታመሙት ሺፋ ይስጥልን፣ ሑጃጆቻችንንና በስደት ያሉትን ይጠብቅልን።