ጦሳ ላይ የዘነበው

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ሲጨርሱ ሜዳው ላይ ትገኛለች፤ የከፍታ ልዩነታቸው 600 ሜትር ገደማ ነው። ቦርከና በደሴ መሀል አልፎ፣ የዶሮ መዝለያን ገደል ሰንጥቆ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስለዚህ ጦሳ ላይ የወረደ ዶፍ ለደሴ የደረሰ ነገር ሲሆን ለኮምቦልቻ ገና የሚመጣ ነገር ነው። የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ሲነሳ ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ሳተላይትና ኮምፒዩተር ነው። ለእነዚህ ሁለት ከተሞች ግን ዋናው ችግር ትንበያ ማጣት አይመስለኝም። መልእክቱ ከመሥሪያ ቤቱ ተነሥቶ እስከ ነዋሪው ደጃፍ የሚሄድበት መንገድ ነው የሚጎድለው።

ትንበያውማ አለ። በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም ለምሥራቅ አማራ የሚያገለግል ማዕከል ያለው እዚያው ኮምቦልቻ ነው። የየጣቢያው ሠራተኛ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ያነብባል፤ ንባቡ ተሰብስቦ የዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት መግለጫ ይሆናል። የበልግና የክረምት ትንበያ የሚነገረው በሦስት መደብ ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ይህ አነጋገር ለበልግ አምራቹ የደላንታ ወይም የለጋምቦ ገበሬ፣ ምን ልዝራና መቼ ልዝራ ለሚለው ጥያቄ ይጠቅማል። ቦርከና ዳር ለተኛ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። በዕለቱ መግለጫ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የጣለ ዝናብ «ከባድ» ይባላል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 30 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ያ ውሃ ቀኑን ሙሉ እያካፋ ሲወርድ መሬት ይጠጣዋል። በግማሽ ሰዓት ተራራው ላይ ከተዘረገፈ ግን ቁልቁል ይሮጣል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ነገሩ ሁለት ነው።

እንግዲህ መግለጫው ወደ ሰፈር ቋንቋ መተርጎም አለበት። ደሴ የተሠራችበት ተዳፋት ብዙ ቦታ ልል አፈርና ደለል ስለሆነ፣ ዝናብ ሲደጋግመው ይንሸራተታል፤ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ይህን በከተማዋ ዙሪያ ካርታ ሠርተው አሳይተዋል። ለነዋሪው የሚጠቅመው ምልክቱን ማወቅ ነው፦ ግድግዳ ወይም ግቢ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ የመብራት ምሰሶ፣ ድንገት አልዘጋ ያለ በር፣ ንጹሕ የነበረ ምንጭ መደፍረስ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሊታወቅ የሚገባው የውሃው ጉልበት ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ደራሽ ጎርፍ ጎልማሳን ያንገዳግዳል፤ 30 ሳንቲ ሜትር አነስተኛ መኪና ያንሳፍፋል። ባጃጅማ ምኑ ይነገራል! በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። ደግነታቸው አልጎደለም፤ ናዳ ሊደግም እንደሚችል የነገራቸው ሰው ነበር የጎደለው።

የመልእክቱ መንገድ ከመሣሪያው ይበልጣል ስል ማስረጃዬ ድሬዳዋ ናት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ዝናቡ በብዛት የጣለው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበር። ላይ ያለው ሰው ዝናቡን እያየ፣ ታች ያለው ተኝቶ ነበር። ተቃራኒውን የዛሬዋ ባንግላዴሽ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ1970 በአንድ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ሞቶባታል፤ በ2020 የመጣው አምፋን የገደለባት ግን በአሥሮች የሚቆጠር ሰው ነው። ሁለቱ አውሎ ነፋሶች እኩል አልነበሩም፣ በመካከሉም ብዙ መጠለያ ተሠርቷል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ባንዲራ ሰቅለውና ድምፅ ማጉያ ይዘው ከቤት ቤት የሚዞሩት በጎ ፈቃደኞች ባይኖሩ መጠለያው ባዶውን በቀረ ነበር።

ወሎ እንዲህ ያለ መዋቅር ከዜሮ መጀመር አያስፈልገውም፤ ቅሬ አለው። ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ወሎ ላይ እስላሙንና ክርስቲያኑን አንድ ላይ የሚያስተዛዝን ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት የቅሬው ለፋፊ ይወጣል፤ ፀሐይ ሳይሞቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የትኛው ቤት አቅመ ደካማ እንዳለ፣ የትኛው ቤት አራስ እንደተኛች ከማንም መዝገብ ይልቅ ቅሬው ያውቃል። ከሞት በኋላ እንዲህ የሚፈጥን ድምፅ ከሞት በፊት የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል እንጂ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም ያግዛሉ፤ ቀይ መስቀልና የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ የትኛው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመው ማስማማት ይችላሉ።

«ትንበያው ሲስት ሰው ይሰለቻል፤ እንደ ውሸታሙ እረኛ ይሆናል» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ነገ ይዘንባል ብሎ ጡሩምባ መንፋት ያሰለቻል። እኔ የምለው ግን ደሴ ላይ የወረደውን ዝናብ ለኮምቦልቻ ስለ መንገር ነው፤ ይህ ዜና እንጂ ትንቢት አይደለም። «ድሃው ወንዝ ዳር የሰፈረው ሌላ ቦታ አጥቶ ነው፣ ማስጠንቀቂያ ምን ይሠራለታል?» ለሚለው፣ የመሬትና የቤት ጥያቄው በማስጠንቀቂያ አይመለስም፤ በራሱ መንገድ መመለስ አለበት። እስከዚያው ግን ልጆቹን ይዞ ለአንድ ሌሊት ከፍ ወዳለው ጎረቤት ቤት ለመሄድ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሽማግሌዎች ሰማይ አይተው ያውቃሉ የሚለውም ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የኮምቦልቻ ሽማግሌ የሚያየው የኮምቦልቻን ሰማይ ነው፣ ጎርፉ የሚመጣው ከሌላ ሰው ሰማይ።

ወሎ መረጃ መንገድ ላይ ሲቀር ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ደሴ ደጃፍ ደርሶ ሳለ ዜናው ታፍኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ለለጋሾች አስቀድሞ ቢያሳውቅም በቂ እህል አልመጣም፣ የ1977ቱ ረሃብም ደረሰ። በመጀመሪያው ረሃብ መልእክቱ የቀረው ከመንደር ወደ ላይ ሲሄድ ነበር፤ በጎርፍ ጊዜ የሚቀረው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ ከሰኔ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ትንሽ ነው፦ ሌሊት ጦሳ ላይ ዶፍ ሲወርድ ከደሴ የሚደውለው ማን ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ስልኩን የሚያነሳውስ የትኛው የቅሬ ሰው ነው? ስማቸው በወረቀት ይጻፍ። ስልክ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም አብሮ ይጻፍ፤ ሁለቱም ከተሞች በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት ኔትወርክ ተቋርጦባቸው አይተዋል።