ተጨማሪ መረጃ፦ 65536 የሚለው ቁጥር

ማክሮ በኤክሴል ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ እንዲያከናውን የሚጻፍ የትእዛዝ ስብስብ ነው። በኤክሴል 2003 የተጻፈ ማክሮ ወደ አዲስ ስሪት ሲዛወር አንዳንዴ የስህተት መልእክት ሳያሳይ ይሳሳታል፤ አደገኛውም ይህ ነው።

ምክንያቱን ተመልከቱ። በ2003ቱ አንድ ሉህ 65,536 ረድፎች ብቻ ነበሩት፤ ከ2007 ጀምሮ 1,048,576 ሆነዋል። ብዙ የቆዩ ማክሮዎች የመረጃውን መጨረሻ የሚፈልጉት ከ65536ኛው ረድፍ ወደ ላይ በመውጣት ነው። ዝርዝሩ ከዚያ ካለፈ ማክሮው ከሞላ ረድፍ ስለሚነሳ እስከ ዝርዝሩ አናት ይዘልና አዲሱን መረጃ በነባሩ ላይ ሊጽፍ ይችላል። መፍትሔው ቁጥሩን አውጥቶ «ሮውስ ዶት ካውንት» የሚለውን ትእዛዝ መተካት ነው፤ እሱ የረድፎቹን ብዛት ከተከፈተው ሉህ ያነባል።

እስቲ ባዶ ሉህ ክፈቱና ኮንትሮልን ይዛችሁ የታች ቀስቱን ተጫኑ። ስንተኛው ረድፍ ላይ ደረሳችሁ?