የክትባት ሣጥን የሚሰካበት የመኪና ሶኬት ሲበላሽ መንስኤውን ስለ መፈለግ

የተለመደው የዶሮ ፈንግል ክትባት ከከተማ ወደ ገጠር ሲጓዝ ቅዝቃዜው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠበቅ ይገባል። ለዚሁ ሥራ ከሚያገለግሉት ሣጥኖች አንዳንዶቹ በመኪናው ባትሪ የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ ኃይላቸውንም የሚያገኙት በሾፌሩ አጠገብ ካለው፣ ቀድሞ ሲጋራ መለኮሻ ይገባበት ከነበረው ክብ ሶኬት ነው። ሶኬቱ በመንገድ ላይ ቢቋረጥ ክትባቱ ይሞቃል። የሞቀ ክትባት በዓይን ስለማይለይ ባለቤቱ ዶሮዎቼ ተከትበዋል ብሎ ይቀመጣል፤ በሽታው በገባ ጊዜ ግን ዶሮዎቹ ያልቃሉ።

በአንድ የሥራ ጉዞ ላይ ይኸው አጋጠመን። ሾፌሩ ፊውዙ መቃጠሉን አይቶ አዲስ ቢያስገባ ወዲያው ተቃጠለ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። በመጨረሻም የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ በፊውዙ ቦታ ሊያደርግ ሲል ከለከልሁት። በእጅ ባትሪ አብርተን ወደ ሶኬቱ ውስጥ ብንመለከት አንዲት ትንሽ ሣንቲም ከታች ተጋድማ አገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዛሬዎቹ መኪናዎች የሶኬቱ መካከለኛ ነጥብ ፖዚቲቭ ነው፤ ዙሪያውን ያለው የብረት ግድግዳ ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘ ኔጋቲቭ፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉት ነው። ሣንቲሟ ሁለቱን ስላገናኘች ኤሌክትሪኩ ምንም ሥራ ሳይሠራ በብዛት ይፈስስ ነበር። ፊውዙ ባይቃጠል ኖሮ የሚቃጠለው ሽቦው፣ ምናልባትም መኪናው ነበር። ስለዚህ ፊውዝ የሚለወጠው የተቃጠለበት ምክንያት ከታወቀ በኋላ ነው፤ የሚተካውም በላዩ በተጻፈው በዚያው ቁጥር፣ ማለት 10 ከሆነ በ10፣ 15 ከሆነ በ15 አምፔር ነው። ምንም ሳይሰካ የሚቃጠል ከሆነ ጥፋቱ በሶኬቱ ወይም በሽቦው ላይ ነው፤ ሲሰካ ብቻ ከሆነ ግን የተሰካውን ዕቃ መመርመር ይገባል። የዕቃው ዋት ለ12 ሲካፈል የሚስበው አምፔር ይገኛል፤ 60 ዋት ሣጥን 5 አምፔር ይስባል።

ሶኬቱን ከመፍታት በፊት ግን ቀላሉን ማየት ይሻላል። በብዙ መኪናዎች ቁልፉ ካልዞረ ሶኬቱ አይሠራም፤ ተበላሸ ተብሎ ወደ ጋራዥ ከሚሄደው አንዳንዱ ይኸው ብቻ ነው። ደግሞም በብዙ ስፒናዎች ጫፍ ውስጥ፣ ጫፉ በእጅ ሲፈታ የሚወጣ ትንሽ የመስተዋት ፊውዝ አለ። ሣጥኑን በሌላ መኪና መሞከርም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል፤ ነገር ግን የጭነት መኪና ባትሪ 24 ቮልት ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቮልት መለኪያ ያለው ሰው ቀዩን ጫፍ በመካከለኛው ነጥብ፣ ጥቁሩን በግድግዳው ላይ ያድርግ። ሞተሩ ሳይነሳ ከ12 ቮልት በጥቂቱ የበለጠ፣ ሲነሳ ደግሞ ወደ 14 ገደማ ያነብባል። ምንም ካላነበበ ጥቁሩን ጫፍ ወደ ንጹሕ የመኪና ብሎን ያዛውር፤ ያን ጊዜ ካነበበ የተቋረጠው ማሳው ነው፤ አሁንም ባዶ ከሆነ ፊውዙንና ከፊውዙ የሚመጣውን ሽቦ ይከተል።

ሰውን የሚያደክመው ግን መለኪያው 12 ቮልት እያሳየ ሣጥኑ የማይሠራበት ጊዜ ነው። ይህም በጭቃ ከተደፈነ የመስኖ ቱቦ ጋር ይመሳሰላል፤ ጫፉ ተዘግቶ ሲለካ ግፊቱ ሙሉ ነው፤ ሲከፈት ግን የሚወጣው ጠብታ ብቻ ነው። መለኪያው የሚስበው እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዛገ ብረትም በኩል ሙሉ ቮልቱ ይደርሰዋል፤ ሣጥኑ 5 አምፔር ሲፈልግ ግን ቮልቱ ይወድቃል። ስለዚህ ሶኬቱ ሸክም ይዞ መለካት አለበት። እኔ ከአሮጌ ስፒና ጋር ያያዝሁትን የ55 ዋት የፊት መብራት አምፖል እጠቀማለሁ። አምፖሉ እየበራ፣ ሞተሩም እየሠራ በአምፖሉ እግሮች ላይ 9 ወይም 10 ቮልት ብቻ ከተነበበ ዝገት፣ የላላ ብሎን ወይም የረገበ የስፒና ክንፍ መኖሩ የታወቀ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናው ሲነካ የሚፋጅ ከሆነም ምልክቱ ያው ነው። ፊውዙን አውጥቶ ሶኬቱን በስስ ብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት፣ ከበስተኋላው ያለውን ማሰሪያ ማጥበቅ፣ የስፒናውንም ክንፎች ወደ ውጭ ጥቂት መክፈት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የገጠር መንገድ ንውጥውጥታ ግን መልሶ ስለሚያላላው በየፌርማታው ማየት አይከፋም።

ሞተሩ ጠፍቶ ሲታደር ሣጥኑ ይነቀል። 5 አምፔር በ8 ሰዓት 40 አምፔር ሰዓት ስለሚጨርስ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ጠዋት ሞተር ላያስነሳ ይችላል። ለሌሊቱ በረዶ የያዘ ተራ ሣጥን ይበቃል።

በዚያ ጉዞ ሣንቲሟን አውጥተን አዲስ ፊውዝ ስናስገባ ሣጥኑ ሠራ፤ በውስጡ ያለው ቴርሞሜትር ግን 17 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ክትባቱን ሳንሰጥ ተመለስን። ዶሮዎቻቸውን በቅርጫት ይዘው ከማለዳ ጀምሮ ሲጠብቁ የዋሉት እናቶች በሳምንቱ እንደገና ሊመጡ ግድ ሆነባቸው።