የጠረጴዛው ልክ ክርን ነው

ሰው አንድ የእጅ ሙያ ለመጀመር ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ መሣሪያው ነው። ስለቱ ምን ያህል ነው፣ ክብደቱስ፣ ዋጋውስ ስንት ነው እያለ ይመረምራል። መሣሪያው የሚያርፍበት ጠረጴዛ ግን ከቤት ዕቃ መካከል የተገኘው ይሆናል፤ ስለ ቁመቱም የሚጠይቅ የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ማጅራቱ ሲደድር፣ ትከሻው ሲቈረጥመው፣ ወገቡም አልቃና ሲለው ሰውዬው ሙያውን ይወቅሳል እንጂ ጠረጴዛውን አይወቅስም። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ለማስረጃም የመረጥነው በቤታቸው ውስጥ ብርጭቆን በነበልባል እያለዘቡ የሚሠሩ ሰዎችን ሙያ ነው።

ይህ ሙያ በታላቅ እቶን ፊት ቆሞ በረጅም ቧንቧ ብርጭቆን ከሚነፋው ሰው ሥራ የተለየ ነው። ሠራተኛው በጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል፤ በጠረጴዛውም ላይ ብረት በያጆች ቶርች የሚሉትን የሚመስል የነበልባል ቧንቧ ተጠብቆ ታስሯል። ጋዝና ኦክሲጅን ተቀላቅለው ከአፉ ሲነድዱ፣ ሠራተኛው የብርጭቆ በትር ወይም ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ በሁለት እጁ ይዞ በነበልባሉ ውስጥ ያሽከረክራል። ብርጭቆው እንደ ማር በለዘበ ጊዜ ጨሌ፣ የጌጥ ኳስ፣ ወይም የላቦራቶሪ ዕቃ ያወጣበታል። ማሽከርከሩን ያቋረጠ እንደ ሆነ ግን የለዘበው ብርጭቆ ወደ ታች ይዘነብላል፤ ቅርጹም ይጠፋል። ስለዚህ ሠራተኛው ደከመኝ ብሎ እጁን ለማውረድ አይችልም። የጠረጴዛው ቁመት በዚህ ሙያ ከብዙዎቹ ሙያዎች ይልቅ የሚያሳስበው ስለዚህ ነው።

ሥራው በቤት ውስጥ መሠራቱም አዲስ ነገር አይደለም። በጀርመን አገር፣ በቱሪንጊያ ደናማ ተራሮች መካከል፣ ላውሻ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1597 ዓ.ም. ሐንስ ግራይነርና ክሪስቶፍ ሙለር የተባሉ ሁለት ሰዎች የብርጭቆ ማቅለጫ እቶን አቆሙባት፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። በኋላ ዘመን ሥራው ከእቶኑ ቤት ወጥቶ ወደየመኖሪያ ቤቱ ገባ። አባት በነበልባሉ ፊት ተቀምጦ የገና ዛፍ ኳሶችን ሲነፋ፣ እናትና ልጆች ውስጡን በብር ውሕድ እያበሩ፣ ውጭውን ቀለም እየቀቡ፣ በሣጥን ይደረድሩ ነበር። ነበልባሉ ቀድሞ ከመብራት ይገኝ ነበር፤ ከተማይቱ በ1867 ዓ.ም. የጋዝ ማምረቻ ካገኘች ወዲህ ግን ትልቅና ስስ ኳስ ለመንፋት የሚበቃ ሙቀት ተገኘ። እንዲህ ባለው ቤት የአባት ትከሻ ሲታመም የሚቆመው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡ ሁሉ እጅ ሥራ ይፈታል።

በድሬስደን ከተማ አጠገብ በሆስተርቪትስ የነበሩት ሌዎፖልድ ብላሽካና ልጁ ሩዶልፍም እንዲሁ በቤታቸው ይሠሩ ነበር። በአሜሪካ ላለው ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የዕፀዋትን አምሳያ በብርጭቆ ሠሩ። አባትየው በ1895 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ ብቻውን ቀጥሎ እስከ 1936 ዓ.ም. ድረስ ሥራውን አላቋረጠም። የሁለቱ እጅ ሥራ 4,300 ያህል ይሆናል። ወናፋቸው በእግር የሚረገጥ ስለ ነበረ፣ እንዲህ ባለው ሥራ ላይ እግርም እንደ እጅ ቦታውን ማግኘት ነበረበት። ዛሬ ኦክሲጅን በጎማ ቱቦ ስለሚመጣ እግር ከሥራ ዐርፏል፤ ሠራተኛውም ቁጭ ብሎ ወይም ቆሞ ለመሥራት ይመርጣል። ትከሻና ማጅራት ግን ያው የጥንቶቹ ናቸው።

የሥራ አቀማመጥ በሽታ እንደሚያመጣ ሐኪሞች ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። ኢጣልያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ ሐኪም በሽተኛውን ሥራው ምን እንደ ሆነ ሊጠይቀው እንደሚገባ አስተምሯል። ጐብጦ መዋልና ሰውነትን በማይመች አኳኋን ማቆየት ሕመም እንደሚያስከትልም በዚያው መጽሐፍ ገልጧል።

እኛም ይህን ነገር በትምህርት ቤት ተመልክተነዋል። በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ጠረጴዛ ተደርድሮ፣ ቁመታቸው የተለያየ ልጆች ይቀመጡበታል። አጭሩ ልጅ ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ ይጽፋል፤ ረጅሙ ልጅ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ደረቱን በጠረጴዛው ላይ ያስተኛል። እኛም ብዙ ጊዜ፣ «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ!» እያልን ተቈጥተናል። ኋላ ግን ስናስበው ቁጣው ለጠረጴዛው ይገባ ነበር እንጂ ለልጁ አልነበረም። ጠረጴዛው ካልተለካለት ልጅ ቀጥ ብሎ መቀመጥን መጠየቅ አጭር ጋቢ ለብሰህ አትብረድ እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ልኩ እንዴት ይታወቃል? የሚያስፈልገው የአናጺ ሜትርና አንድ ረዳት ብቻ ነው፤ ሰው ራሱን ሲለካ ይጐብጣልና ሚስት ባሏን፣ ልጅም እናቱን ይለካ። የሚለካው ሰው በሚሠራበት ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ የእግሩ መዳፍ መሬቱን ሙሉ ይርገጥ፤ ጭኑ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን። ትከሻውን ይልቀቅ፤ ክንዱም ከጐኑ ወደ ታች ይውረድ፤ ከዚያም ክርኑን አጥፎ እጁን ወደ ፊት ይዘርጋ። ረዳቱ ከመሬት እስከ ክርኑ ሥር ያለውን ይለካና ይጻፍ። የጠረጴዛው ልክ የሚወጣው ከዚህ ቍጥር ነው።

ተቀምጦ ለሚሠራና ክርኑን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለሚያሳርፍ ሰው፣ የጠረጴዛው ፊት ከክርኑ ጋር እኩል ወይም እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከፍ ያለ ቢሆን ይመቻል። የነበልባሉ ቧንቧ ነበልባሉን ከጠረጴዛው በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ቢይዘው፣ ክርን ዐርፎ ሳለ ግንባር ክንድ ወደ ላይ ጥቂት አዘንብሎ እጅን እነበልባሉ ዘንድ ያደርሳል። የክንዱን ክብደት እንጨቱ ይሸከማል፤ ትከሻም ያርፋል።

ለምሳሌ፣ የወንበሩ ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ከወንበሩ እስከ ክርን 23 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የክርኑ ከፍታ 68 ይሆናል። ስለዚህ ጠረጴዛው ከ68 እስከ 71 ሳንቲ ሜትር ይሠራ። የሰውዬው ጭን ውፍረት 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ የጭኑ ከፍታ 60 ነው፤ በጭኑና በጠረጴዛው ፊት መካከል የሚቀረው 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በጉልበት በኩል መሳቢያ ማድረግ አይገባም፤ መሳቢያ የግድ ካስፈለገ በጐን ይሁን።

ቆሞ ለሚሠራ ሰው ስሌቱ ይለወጣል። ክርኑ የሚያርፍበት ስለሌለ፣ እጁ በክርኑ ከፍታ ቢውል ይሻላል። ስለዚህ ከክርኑ ከፍታ ላይ የነበልባሉን ከፍታ መቀነስ ይገባል። ሲቆም ክርኑ 105 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው፣ ነበልባሉ ከጠረጴዛው 15 ከፍ ካለ፣ ጠረጴዛው 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጠረጴዛውን ለክርን አስተካክለው ይሠሩና ነበልባሉ ከዚያ በላይ እንደሚነድድ ይረሱታል። እጃቸውንም ቀኑን ሙሉ ወደ ደረታቸው ሰቅለው ይውላሉ።

የተገዛው ጠረጴዛ ከልኩ ቢበልጥ መጣል አያስፈልግም። ጠረጴዛው 74 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የሚገባው 69 ቢሆን፣ ወንበሩን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና ከእግር በታች በዚያው ልክ ጠንካራ ሳንቃ ማኖር ነው። ወንበሩን ብቻ ከፍ አድርጎ እግርን አንጠልጥሎ መተው ግን ሕመሙን ከትከሻ ወደ ጭንና ወደ ወገብ ማዛወር ነው። ጠረጴዛው ዝቅ ያለ እንደ ሆነም ከአራቱ እግሮች በታች እኩል የተቈረጠ ጕማጅ አድርጎ በምስማር ወይም በቡሎን አጥብቆ ማሰር ይገባል። በነበልባል ፊት የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ትልቅ አደጋ ነውና።

ጠረጴዛው በልኩ ሆኖ ሳለ ሠራተኛው አሁንም አንገቱን የሚደፋ ከሆነ ምክንያቱ በዓይኑ በኩል ይፈለግ። በብርጭቆ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲግል ደማቅ ቢጫ ብርሃን ያወጣል፤ ያ ብርሃን ሥራውን ስለሚሸፍንበት ሰውዬው ለማየት ወደ ነበልባሉ ይጠጋል። ዲዲሚየም የተባለው መነጽር ያን ቢጫ ብርሃን ስለሚያስቀር፣ ሠራተኛው ራሱን ቀና አድርጎ ከሩቅ ለማየት ይችላል። የጢስ መሳቢያውም ቢሆን ጢሱ በፊቱ ሳያልፍ የሚስብ፣ ራሱን ግን የማያስጐነብሰው ሆኖ ይሰቀል። የተሠራው ዕቃ ቀስ ብሎ የሚበርድበት ምድጃ፣ እንደ ብርጭቆው ዓይነት ከ500 ዲግሪ በላይ የሚግል ነውና፣ በሩ ከጠረጴዛው ጋር በተቀራረበ ከፍታ ይቀመጥ፤ የጋለ ዕቃ ይዞ መጐንበስ አይገባም።

ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ የሚሆን ስለ ሆነ ለልጆችም ማሰብ ግዴታ ነው። ለአባት ክርን የተስተካከለ ጠረጴዛ ለትንሽ ልጅ ፊት ትክክል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክፍሉ ቍልፍ ይኑረው፤ የነበልባሉም አፍ ከበሩ በሌላ አቅጣጫ ይዙር። የጠረጴዛው ፊት በብረት ላሜራ ይሸፈን። ሲሊንደሮቹ ቆመው በሰንሰለት ይታሰሩ። ፕሮፔን ከአየር የሚከብድ ስለ ሆነ ካመለጠ በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል፤ በምድር ቤት ማኖር ፈጽሞ አይገባም።

በመጨረሻ የምንመክረው ይህን ነው። ገንዘብ ከማውጣት በፊት አንድ ሳንቃ በጡብ ላይ አጋድሞ፣ ነበልባል ሳያነዱ፣ ሁለት እርሳስ በእጅ ይዞ ግማሽ ሰዓት እያሽከረከሩ መቀመጥ ነው። ትከሻ ቀድሞ ከደከመ እጅ የሚውልበት ከፍታ ስለ በዛ አንድ ጡብ ይነሣ፤ ማጅራት ቀድሞ ከደከመ ሳንቃው ዝቅ ብሏልና አንድ ይጨመር። ሁለቱም ዝም ሲሉ ረዳቱ ይለካ፤ ቍጥሩንም ለአናጺው ይስጠው። በዚያው ቀን፣ ሜትሩ ገና በእጅ ሳለ፣ ልጆች የሚያጠኑበትንም ጠረጴዛ መለካት መልካም ነው።